ኪሳራው የማን ነው?

ሦስት መሥሪያ ቤት ቀያይሬያለሁ። መጀመሪያ በትምህርት ቢሮ የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩ፤ ቀጥዬ ለወጣቶች ገንዘብ በሚለግስ የበጎ አድራጎት ድርጅት ፕሮግራም መራሁ፤ አሁን በጀማሪ ኩባንያዎች ላይ ድርሻ በሚገዛ ፈንድ ውስጥ እሠራለሁ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ሦስት የማይገናኝ ሙያ ይመስላል፤ የሥራ ታሪኬን የሚያነቡ ሰዎችም «ምነው መስመር ቀያየርሽ?» ይሉኛል። አዊ ዞን፣ ጥርባ ያሉ ዘመዶቼ ግን ሦስቱንም አንድ አድርገው «ብር አዳይዋ» ብለው ጨርሰውታል። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። በሦስቱም ቦታ ሥራዬ የሰው ገንዘብ ይዞ፣ ገና ባልሆነ ነገር ላይ ማዋል ነበር።

የዚህ ሙያ ጥበብ የሚሳካውን ከማይሳካው መለየት ይመስላል። ያንን ግን ማንም በደንብ አያውቀውም፤ አውቃለሁ የሚል ቢኖር የወደቁበትን ያልቆጠረ ነው። በልምድ የሚገኘው ችሎታ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ሰነዱ ሲቀርብ «ካልተሳካ ማን ይከፍላል?» የሚለው የተጻፈበትን ገጽ መፈለግ። አብዛኛውን ጊዜ ገጹ የለም። ገጹ ስለሌለ ግን ከፋይ የለም ማለት አይደለም።

የትምህርት ዕቅድ ከሩቅ ሲያዩት ስለ ትምህርት ማሰብ ይመስላል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ማካፈል ነው። ተማሪ ለክፍል ይካፈላል፣ በአንደኛ ደረጃ 50 ለአንድ፤ መጽሐፍ ለተማሪ ይካፈላል፣ አንድ ለአንድ። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማም በተማሪ ቁጥር ይሰላ ነበር። ማካፈል ቀላል ሥራ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ በመላ አገሪቱ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከ3 ሚሊዮን በታች ነበር፤ ሩብ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ ከ20 ሚሊዮን አለፈ። ይህን ያህል ልጅ ጣሪያ ሥር ያስገባ ዕቅድ መናቅ አይገባውም። ወላጅ እንጨት ተሸክሞ፣ ጭቃ አቡክቶ የሠራው ክፍል በእኛ ሪፖርት ላይ «የሕዝብ ተሳትፎ» ተብሎ በአንድ መስመር ቢገባም፣ ገብቷል።

ያ ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲጀምሩ ፈቀደ፤ በአዊ ዞንም አውንጊ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። የምደግፈው ውሳኔ ነው፤ ዛሬም። ግን የዕቅድ ባለሙያ ሆኖ ያየ ሰው ሌላም ነገር ያውቃል። ለሚሊዮኖች የሚታተም መጽሐፍና ለአንድ ዞን የሚታተም መጽሐፍ የአንዱ ቅጂ ዋጋ አይገናኝም፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚዘገየው የትኛው እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። መጽሐፉ ዘግይቶ ሲደርስ የማን ደመወዝ ተቀነሰ? የማንም። ልጁ ግን አንድ ዓመት ከሰረ፤ ያ ዓመት ደግሞ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የተደረገው የንባብ ምዘና የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን አንድ ገጽ አስነብቦ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ገደማ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰነድ ተጻፈ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ፣ ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ። በዚያ ሰሞን ሁሉም «ትውልዱ» ሲል ሰማሁ። እነዚያ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በእኛ ስሌት ተካፍለው፣ በእኛ ሠንጠረዥ «ተዛውረው» የመጡ ናቸው። ዕቅዱ ሳይሳካ ቀረ ማለት ሲገባን ልጆቹ ወደቁ አልን። ሒሳቡ እንዴት እንደሚዞር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ብቻ ኪሳራው ወደ ዐቃጆቹ ተመልሶ መጥቶ ያውቃል። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ በዓለም ባንክ ድጋፍ፣ በብዙ ባለሙያ የተሠራ፣ በወረቀት ደረጃ ከመጥፎዎቹ የሚቆጠር ጥናት አልነበረም። የገጠሩን ልጅ አጭር መሠረታዊ ትምህርት አስተምሮ ወደ እርሻው መመለስ አንዱ ሐሳቡ ነበር። ይዘቱ በ1966 ዓ.ም. ሲሰማ ግን መምህሩ ለደመወዙ፣ ወላጁ ለልጁ ዕድል ፈርቶ ተነሳ፤ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎች አድማ፣ የወታደሩ ጥያቄ ተጨመረበትና ለአብዮቱ መንገድ ከከፈቱት አንዱ ሆነ። ስለዚያ ጥናት ሲወራ «ሕዝቡ ሳይገባው ቀረ» የሚሉ አሉ። እኔ ሕዝቡ በደንብ ገብቶት ነበር ባይ ነኝ። የሌለውን ገጽ አነበበው፤ ካልተሳካ የሚከፍለው የገበሬ ልጅ መሆኑን።

ወደ በጎ አድራጎቱ የገባሁት ከቢሮክራሲው ማምለጥ ፈልጌ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ደመወዙ ይሻል ነበር። ደግሞም ያኔ ለወጣት የሚመጣው ገንዘብ በዛ። ማስተርካርድ ፋውንዴሽን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ 10 ሚሊዮን ወጣቶች የተከበረ ሥራ እንዲያገኙ አግዛለሁ ብሎ ተነስቷል። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ2017 ከጎንደር ዩኒቨርሲቲና ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለአካል ጉዳተኛና ዕድሉ ለጠበባቸው ተማሪዎች የትምህርት ዕድል ጀምሮ ነበር። ይህኛው ዓይነት፣ አንድን ልጅ ይዞ እስከ ምረቃው ድረስ የማይለቅ እርዳታ፣ ለእኔ የበጎ አድራጎት ምርጡ ነው። ቢከስር ሰጪው እንደከሰረ ያውቃል፤ ልጁ ስም አለውና።

አብዛኛው ሥራችን ግን እንደዚያ አልነበረም። ሦስት ዓመት የሚቆይ ፕሮጀክት ይመጣል፤ አንደኛው ዓመት ቢሮ በመክፈት፣ ሦስተኛው ሪፖርት በመጻፍ ያልቃል። መሐል ላይ ሥልጠና አለ። የሠለጠነ ይቆጠራል፣ ሰርተፍኬት የወሰደ ይቆጠራል፣ ከነዚህ ስንቶቹ ሴቶች እንደሆኑ ይቆጠራል። የሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «ያጋጠሙ ተግዳሮቶች» የምትል ሠንጠረዥ አለች፤ የዋጋ ንረት፣ የጸጥታ ችግር፣ የባለሙያ መልቀቅ። ከዓመት ዓመት አይለወጡም። የዶሮ እርባታ ጀምሮ ዶሮዎቹ ያለቁበት ልጅ በዚያች ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። በሥልጠናው ተራ ቁጥር ውስጥ ግን አለ፤ ለዘላለሙ እንደተሳካለት ይቀመጣል።

መንግሥት በበኩሉ በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቋመ። ይህ ልገሳ አይደለም፤ ብድር ነው። በእኛ ክልል ገንዘቡን ያዳርስ የነበረው ኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ነበር። ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ይበደራሉ፣ አንዱ ለአንዱ ይዋሳል። በወረቀት ላይ ውብ ነው። የገንዘቡ መመለስ ግን በብዙ ቦታ እንደታሰበው አልሆነም፤ ስለዚህም የተባለው ሁሉ የወጣቱ «የብድር ባህል ማነስ» ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የጥርባን አገር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ በዓይን የሚታይ ነውና።

ከእንጅባራ ወጥቶ በአዲስ ቅዳም በኩል ፋግታ ለኮማን ያቋረጠ ሰው ዳገቱን ሁሉ የሸፈነውን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ አይቷል። ይህን ዛፍ ገበሬው እንዲህ የተከለው በማንም መመሪያ አይደለም። ዘዴውን ራሱ ነው የደረሰበት። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ ጤፉን ያጭዳል። በሚቀጥሉት ዓመታት ከዛፉ ሥር ሣር አጭዶ ለከብቱ ይሰጣል ወይም ይሸጣል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ይቆርጥና ከሰል ያከስላል፤ ጭነት መኪና ከበሩ ድረስ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ ይጭንለታል። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል እምቢ ባለበት መሬት ዛፉ መሬቱም መልሶ እንዲያገግም አደረገለት። ችግኝ የሚያፈሉ ወጣቶች፣ ከሰል የሚያከስሉ፣ ጆንያ የሚሰፉ፣ የሚጭኑ ተፈጠሩ። የትኛውም ቢሮ አቅዶት ቢሆን ኖሮ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያሸልመው ነበር።

አሁን ብድሩን አጠገቡ እናስቀምጠው። ዛፉ አምስት ዓመት ይፈልጋል፤ ብድሩ ከዚያ ቀድሞ ይጠየቃል። ስለዚህ ተበዳሪው ወጣት ዛፍ አይተክልም፤ በሬ ገዝቶ ያደልባል፣ ወይም ሸቀጥ ይነግዳል፤ ሁሉም አንድ ላይ ያደለበ ቀን ዋጋው ይወድቃል። የሚችለውን ሥራ ትቶ የብድሩ ቀን የሚፈቅድለትን ሠራ። ሲከስር ደግሞ የዋሱ በሬ ይሸጣል፤ ዋሱ ጎረቤቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጁ አገር ለቆ መተማ ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል። ፈንዱ ያበደረው ብር ጠፋ ሲባል የጠፋው ልጅም ጭምር ነው።

ዲከረንሱም ቢሆን ከክፉ አላመለጠም። በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ አደረቀ። በራሱ ገንዘብ ለተከለው ይህ ክፉ ዘመን ነው። በብድር የተከለ ካለ ግን በላዩ ላይ ዕዳ ነው። ዝናቡ፣ በሽታው፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የክልላችንን መንገድና ትምህርት ቤት የዘጋው ግጭት፤ አንዳቸውም የወጣቱ ጥፋት አይደሉም፤ ውሉ ግን ሁሉንም በእሱ ስም መዝግቧቸዋል።

ወደ ቬንቸር ካፒታሉ የሳበኝ ይህ ነው። ይህ ዓይነቱ ገንዘብ ብዙ ነውር አለበት፤ አንድ ግን ትክክል የሆነ ነገር አለው። ሰጪው ሲሰጥ ድርሻ ይገዛል እንጂ አያበድርም፤ ሥራው ከወደቀ ገንዘቡ አብሮ ይወድቃል፤ ዋስ አይጠራም። የዘመናዊው ቬንቸር ካፒታል አባት የሚባሉት የሃርቫርዱ መምህር ጆርጅ ዶሪዮ እ.ኤ.አ. በ1946 ባቋቋሙት ድርጅት በኩል በ1957 ለሁለት ወጣት መሐንዲሶች 70,000 ዶላር ሰጡ፤ ኩባንያው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ነበር፤ በኋላ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር አወጣ። ሰዎች ይህን ትርፉን ይተርካሉ። እኔ የምተርከው ሌላውን ነው፤ ለዚያ ገንዘብ የወሰዱት ድርሻ 70 በመቶ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥራች ይህን ብጠይቀው ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳል፤ መነሳትም አለበት።

በእኛ አገር ይህ ሙያ ገና ልጅ ነው። የጀማሪ ኩባንያዎች ማቀፊያው አይስአዲስ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የእህል ገበያን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የምርት ገበያውን ካቋቋሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ብሉሙን፣ የወጣት ሥራ ፈጣሪዎች ማሳደጊያ፣ ማዞራቸው ለእኔ ብዙ ይናገራል፤ ከጥናት ወደ ተቋም፣ ከተቋም ወደ ወጣቱ። ያ መንገድ ሁለት ቦታ የተቆረጠ ሕይወት አይደለም፤ አንዱ ጥያቄ ሲከተል የሚመጣ ነው።

ሕጉም ዘግይቶ ነው የደረሰው። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ የምንገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነበር፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባል ስለሚፈልግ፣ ስንትና ስንት እናቶች በልጃቸው የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ በወረቀት ባለድርሻ ሆነው ኖረዋል። አዲሱ ሕግ በአንድ ሰው እንዲቋቋም ፈቀደ። ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ከብትና ማሽን ሳይቀር፣ ለብድር ዋስትና እንዲሆን ያስቻለው አዋጅ የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ግን የውጭ ባለሀብት ብቻውን ሲገባ ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲሆን 150,000 ዶላር እንዲያመጣ ጠየቀ። 20,000 የሚበቃው ልጅ ጋ 200,000 ይዞ የሚመጣ የለም፤ ቢመጣም ልጁን ያሰምጠዋል። ስለዚህ ጠበቃ ተቀጥሮ ኩባንያው ውጭ አገር ይመዘገባል፣ ሥራው እዚህ ይሠራል። የሥራ ጊዜያችን እኩሌታ ይህን መሰል መላ ማበጀት ነው።

የገንዘቡ ዓይነት ራሱ ኪሳራ ያመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። ከዚያ በፊት በዶላር ገብተን በብር የሚያተርፍ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ የያዝን ሰዎች፣ ኩባንያው በብር እጥፍ ቢያድግ እንኳ ለባለገንዘቦቻችን የምናሳየው ዕድገት አልነበረም። መሥራቹ ምንም አላጠፋም። እኛም ተከሳሽ አልፈለግንም፤ ለኪሳራ ቦታ ያለው ውል ጥቅሙ ይህን ጊዜ ይታያል። ድርሻ ሸጦ መውጣቱም ቀላል አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ከሦስት ልጆች ኩባንያ እስከዚያ ደጃፍ ያለው መንገድ ረጅም ነው።

እንግዲህ ፈንዴ ጥርባ አይሄድም። ወደ 450 ኪሎ ሜትር ርቀቱ አይደለም ምክንያቱ። አንድ ትንሽ ውል ለማጣራት የሚወጣው የጠበቃና የኦዲተር ክፍያ ከሚሰጠው ገንዘብ ይበልጣል፤ መቶ እጥፍ የማደግ ተስፋ የሌለውን ሥራ ደግሞ የፈንድ ሒሳብ አይሸከመውም። ድንችና ቀርከሃ መቶ እጥፍ አያድጉም። ቬንቸር ካፒታል ገጠሩን ይለውጣል የሚሉ ንግግሮችን በየስብሰባው እሰማለሁ፤ አላምንባቸውም።

የማምነው ያቺን አንዷን አንቀጽ፣ ሥራው ከወደቀ ገንዘቡ አብሮ ይወድቃል የምትለውን፣ ወስዶ መሄድ እንደሚቻል ነው፤ ስንወስዳትም አገር ውስጥ ቀድማን ተቀምጣ እናገኛታለን። ከብት በርቢ መስጠት የሚባለውን ማን የማያውቅ አለ? ባለ ላሙ ላሟን ይሰጣል፣ አርቢው ያበላል ይጠብቃል፣ ጥጃውን ይካፈላሉ። ላሟ ያለ አርቢው ጥፋት ከሞተች አርቢው ቆዳዋን አምጥቶ ያሳያል፤ ዕዳ የለበትም። መሬትም በእኩል፣ በሲሶ፣ በርቦ ይታረሳል። በእኔ ቢሮ አርባ ገጽ የሚፈጀው ውል ይኸው ነው፤ ከአርባው ገጽ ሠላሳው ስለ ቆዳው ነው።

አምና ከጥርባ ሦስት ወጣቶች የዘር ድንች ሥራ ይዘው መጡ። አገሩ ለዘር ድንች የታወቀ ነው፤ ከአዴት ምርምር ማዕከል ከወጡት ዝርያዎች አንዱ በዘንገና ሐይቅ ስም የተሰየመው ያለ ነገር አይደለም። የጎደላቸው ዘሩ ሳይበሰብስ አቁንቁኖ የሚቆይበት ብርሃን ገብ መጋዘን ነበር። ለፈንዱ እጅግ ትንሽ፣ ለብድር ደግሞ ዋስ የሌለው። ከዘመድ ከወዳጅ አዋጣንና በርቢ ዓይነት ውል ጻፍኩ፤ ከሽያጩ ርቦውን ለእኛ፣ የሰጠነው ሁለት እጥፍ እስኪሞላ፤ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ቢገባበት ወይም መንገድ ቢዘጋ ዕዳ የለም።

ውሉ ሲነበብ አንድ ሽማግሌ አልተዋጠላቸውም። «ልጄ፣ ከከሰሩ ዝም የሚባሉ ከሆነ ለምን አይከስሩም?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ በውድ የተቀጠሩ አማካሪዎች በረዘመ ቋንቋ ይጠይቁታል። «የላሟ ቆዳ አለ አባቴ» አልኳቸው። «የድንች ቆዳው የቱ ነው?» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላው በዚህ አለቀ። የተስማማነው ይህን ነው፤ የሽያጭ መዝገቡ በየገበያው ቀን ይጻፋል፤ በሽታ ከገባ ዘሩ ከመቀበሩ በፊት ሁለት ጎረቤቶች ማሳውን ያያሉ፤ ጎረቤቶቹን የምንመርጠው እኛም ልጆቹም አይደለንም፣ ሽማግሌው ናቸው። ሌላው ክርክር ከሦስቱ አንዱ ጥሎ ቢሄድ ድርሻው ምን ይሆናል የሚለው ነበር። በእኛ ሙያ መሥራች ድርሻውን በአራት ዓመት ቀስ በቀስ ያገኘዋል፤ እነሱ በምርት ቆጠሩት፤ ባለበት ምርት ልክ ይካፈላል፣ ከሄደ በኋላ ባለው አይካፈልም፤ ታሞ ከሆነ ወይም ለፈተና ከሄደ ግን አንድ ምርት ይጠበቃል።

የጎረቤቶቹን አንቀጽ ለፈንዳችን ጠበቃ ልኬለታለሁ፤ ኩባንያ ሲከስር እውነተኛውን ከሐሰተኛው የምንለይበት ዘዴ ስለሚያንሰን። ወዶታል። ቦሌ ላይ ሁለቱ ጎረቤቶች እነማን ይሆናሉ ብሎ ግን ጠይቆኛል፤ ገና አልመለስኩለትም።